አምስት ጠብታ፣ ሁለት ዓባይ

«አንድ ጥያቄ የሚጠጣው አምስት ጠብታ ውኃ ብቻ ነው» አለ እንግዳው።

«በሐኪም ትእዛዝ ነው?» አለችው።

ቡና አፍይዋ ናት። ኦምዱርማን ውስጥ ጀበና ጥዳ የምትውል የእኛው አገር ሰው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ስንቱ ሐበሻ ወደ መተማ ሲሸሽ፣ እሷ ወንዙን ተሻገረች እንጂ ድንበሩን አልተሻገረችም። ቤቷን የዘረፉት ሰዎች ከምድጃ እስከ መጋረጃ ጠራርገው ሲወስዱ ምላሷን ረስተውላት ሄደዋል።

እንግዳው ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሶላር ሊተክል ከአዲስ አበባ የመጣ የኮምፒውተር ልጅ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሲነካበት ጆሮው ይቀላል። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ የመስኖ መሐንዲስ ነው፤ ሰው ሁሉ «ያ ባሽ ሙሀንዲስ» ይለዋል። ዓረብኛውን ወደ አማርኛ የምታቀብለን እሷ ስለሆነች፣ ከተናገረው ምን ያህሉ የእሱ፣ ምን ያህሉ የእሷ እንደሆነ ዋስ አልሆንም። እኔ አራተኛው ነኝ፤ እጽፋለሁ፣ አልፎ አልፎም እጠልፋለሁ።

«ተረቡን ተዪና ስሚኝ፣ እህቴ» አለ ልጁ። «ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 አስልቶ ያወጣው ነው። ጀሚናይ የተባለውን ኤአዩን አንድ መካከለኛ የጽሑፍ ጥያቄ ብትጠይቂው 0.24 ዋት-ሰዓት መብራትና 0.26 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው የሚፈጀው። ዘጠኝ ሰከንድ ቴሌቪዥን ከማየት ያንሳል።»

«እኛ ሰፈር መብራት ለዘጠኝ ሰከንድ ስትመጣ እልልታው ሳያልቅ ትሄዳለች።»

«ቁጥር ነው እኮ የማወራው!»

«ቁጥሩንማ ሰማሁ። ‹መካከለኛ› ያልካት ናት ያልገባችኝ።»

እውነቷን ነው፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያ ስሌት የጽሑፍ ጥያቄን እንጂ «ሥዕል ሥራልኝ፣ ቪዲዮ ሥራልኝ» የሚለውን አይመለከትም። ማሽኑ ሲሠለጥን የበላው መብራት የለበትም። መብራቱ ሲመነጭ ኃይል ማመንጫው ዘንድ የተነነው ውኃም አልተቆጠረም። ጉግል የቆጠረውን አሳምሮ ቆጥሯል። ሠርግ ደግሶ የበላውን የሙሽራውን ቤተ ዘመድ ብቻ ቢቆጥርም ያው ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድስቱ ግን ባዶ ሆኗል።

ባሽ ሙሀንዲሱ ሲኒውን አስቀመጠ። «ያ ወለዲ (ልጄ)፣ የእኛም ወንዝ መካከለኛው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሴፕቴምበር ላይ ወንዙ ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ከፍታ ደርሶ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። በ2025 ሜይ ላይ ደግሞ ድሮን እዚሁ ኦምዱርማን የመብራት ጣቢያ መታ፤ መብራቱ ሲሄድ የውኃው ፓምፕ ቆመ፣ ፓምፑ ሲቆም ሰው ያገኘውን ጠጣ፣ ኮሌራው ተስፋፋ። በሁለት ዓባይ መሐል ተቀምጠን ውኃ በጋሪ ገዛን። አሁን አንተ ሁለቱን ደምረህ ለሁለት አካፍል፤ ካርቱም ጎርፍም የለባት፣ ጥማትም የለባት።»

«ምንም አልጨመርኩበትም» አለች ተርጓሚዋ። ማንም ሳይጠይቃት መማሏ አጠራጠረኝ።

ልጁ አልተረታም። «ድምር ከፈለጋችሁ ድምሩን ልንገራችሁ። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንዳወጣው በ2024 የዓለም ዳታ ማዕከሎች በሙሉ የፈጁት 415 ቴራዋት-ሰዓት ነው፤ ከዓለም መብራት 1.5 በመቶ ገደማ። ያውም ሁሉም ኤአይ አይደለም። ባንኩም አለበት፣ ፊልሙም አለበት፣ የአንቺም ቲክቶክ አለበት።»

«በሕዳሴ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«የነገርከኝ ነገር። እኔ ቴራ ምናምን አላውቅም፤ መብራት የምለካው በሕዳሴ ነው።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ግድቡ 5,150 ሜጋዋቱን ሌት ተቀን፣ ክረምት ከበጋ፣ አንዲት ሰዓት ሳያርፍ ቢያመነጭ (አያመነጭም፣ ከወንዝ ነው የሚሠራው) በዓመት 45 ቴራዋት-ሰዓት ይሆናል። 415 ማለት ዘጠኝ ሕዳሴ ነው። ኤጀንሲው ለ2030 የተነበየው 945 ደግሞ ሃያ አንድ።

«ሃያ አንድ!» አለች። «እኔ የአንዱን ቦንድ ለመግዛት ዐሥራ አራት ዓመት ጀበና ጥጃለሁ።»

«የእነሱን ቦንድ ግዢ ያለሽ የለም። ራሳቸው ይከፍላሉ።»

«መብራቱንማ ይክፈሉ። ሙቀቱን የሚከፍልልኝ ማነው?» ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ቴርሞሜትር በአገጯ አመለከተች። ካርቱም በሜይ ከ45 ዲግሪ በላይ የምትወጣ ከተማ ናት፤ ያን ቴርሞሜትር ለምን እንደሰቀለችው ጠይቄያት «የማማርርበት ማስረጃ እንዳላጣ» ብላኛለች።

ባሽ ሙሀንዲሱ ነገሩን ከሩቅ ወደ ቅርብ አመጣው። አቡ ዳቢ ላይ 5 ጊጋዋት የሚፈጅ የኤአይ ግቢ እንደሚሠራ በ2025 ሜይ ተነግሯል፤ አንድ ሙሉ ሕዳሴ ለአንድ ግቢ ማለት ነው። የሱዳን ወርቅ አብዛኛው የሚሄደው ወደዚያው ወደ ኤምሬቶች ነው። «ወርቁ ቪዛ አግኝቶ ሄደ» አለ። «በእጅ ሲታጠብ የፈሰሰው ሜርኩሪ ፓስፖርት ስለሌለው እዚሁ ቀረ።»

«ለመሆኑ ግን» አለች፣ «ብረትን ምን ያጠማዋል?»

ይህን የካርቱም ሰው ከማንም ፈረንጅ ቀድሞ ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሙከይፍ ማስረጃ ነው፦ ገለባ የተጠቀጠቀበት የብረት ሣጥን፣ ገለባው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ቬንትሌተሩ አየሩን በገለባው ውስጥ ይስባል፣ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ብዙ ዳታ ማዕከል የሚቀዘቅዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ዘዴው የሚሠራው ደግሞ አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ደረቅ አየር የሚገኘው ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ውኃ ልቆጥብ ያለ በፍሪዮን የሚሠራውን ኤሲ ይከፍታል፣ ያ ደግሞ መብራት ይበላል። መብራት ልቆጥብ ያለ ወደ ገለባው ይመለሳል። ጉግል በ2023 ብቻ ዳታ ማዕከሎቹ ውስጥ የፈጀው ውኃ ወደ 23 ቢሊዮን ሊትር ነው፤ የተነነውም ተመልሶ ወደዚያ ሰፈር ቧንቧ አይገባም።

እንግዲህ እኔን የሚያናድደኝ የጠብታ ክርክር ይኸው ነው። ጠብታዋ ትንሽ መሆኗን ማን ካደ? ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር፣ ከማን አፍ ተነጥቃ እንደሆነ ነው የማይነግሩን። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ያለች ጠብታና በረሃ ዳር ያለች ጠብታ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተሰልፈው እኩል 0.26 ሚሊ ሊትር ይባላሉ።

ልጁ ይኼኔ ወደኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ ፈረንጅ ፈረንጅ ትላለህ። የእኛው አገርስ?»

ጥሩ ወጋኝ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማሽኖች መብራት ሸጦ በዐሥር ወር ውስጥ 55 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ቢትኮይን ኤአይ አይደለም፤ ግን ሶኬቱ አንድ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላየም።

«መስመር ያልደረሰበት ትርፍ ኃይል ነበር» አለ ልጁ፤ ማጥቃት ጀምሮ መከላከል ውስጥ ገባ። «ባይሸጥ ውኃው ዝም ብሎ ይፈስስ ነበር። አሁንማ ለአዲስ ማሽን ፈቃድ ቆሟል። በዶላሩ ደግሞ መስመር ይዘረጋበታል።»

«ተዘረጋ?»

«ይዘረጋል።»

«‹ይዘረጋል› አምፖል ቢያበራ ኖሮ አፍሪካ ሌሊት ባልኖራት ነበር።»

ልጁ የዋዛ አይደለም፤ ጠብቆ ነበር የመታት። «ባለፈው ለስደተኞች ጉዳይ ያስገባሽውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ማን ጻፈልሽ?»

ሳቀች። «ያንተ ማሽን። አምስት ጠብታ ጠጥቶ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ፤ የአባቴንም ስም አላበላሸም። ቀድሞ የሚጽፍልኝ ሰውዬ አምስት ሲኒ ቡና ጠጥቶ፣ ሒሳብ ተቀብሎ፣ ወንድ አድርጎ ነበር የጻፈኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር የለኝም። ማሽኑ ቢመጣ ቡና በነፃ ነው።»

«ባለ ሙከይፍ ቡና ቤት ስለሆነ ሊመጣ ይችላል» አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ ቀጥል አሉኝ።

በዚህ መሐል የእኅቷ ልጅ ከፍራንክፈርት ደወለች። ጥግ ላይ ስታርሊንክ አለ፤ ኢንተርኔቱ በሰዓት ይሸጣል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። የምንከራከርበትን ስትሰማ ነደደች። «አክስቴ፣ ዳታ ማዕከል የሚባል ነገር ሁሉ መዘጋት አለበት! ምድርን እየጨረሱ ነው። ደግሞ ለማሽን ‹አመሰግናለሁ› ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ለዚያችም ቃል መብራት ይፈጃል።»

«‹አመሰግናለሁ›ን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ለመብራት ኃይል ብዬ አልተውም። ሰው ለሰው ማመስገን የተወው ግን ምን ሊቆጥብ ነው?»

«እሺ እሱ ይቅር። መዝጋቱስ?»

«እኛ ዘግተን አይተነዋል፣ የኔ ልጅ። አንድም ዛፍ አልበቀለም። ሰው ነው የተራበ።»

ይህ ተረብ አይደለም፤ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ የሱዳን የስልክ ኩባንያዎች፣ ኤምቲኤን፣ ሱዳኒና ዜይን፣ ተራ በተራ ጠፉ። ዋና ማሽኖቻቸው ያሉት ጦርነቱ በሚንቀለቀልበት ካርቱም ውስጥ ነበር። አገር ምድሩ ከዓለም ተቆረጠ። መደወል አለመቻሉስ ይቻል ነበር፤ የከፋው ባንካክ መቆሙ ነው። ባንካክ የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ባንኮቹ ተዘርፈው፣ የወረቀት ገንዘብ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ሰው ዳቦ የሚገዛው፣ ጅዳና ዱባይ ያለ ዘመድ የሚልከው በእሱ በኩል ነው። የየሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአደጋ ጊዜ ክፍሎች ነፃ ምግብ የሚያበስሉባቸውን ወጥ ቤቶች ይመሩ ነበር፤ ሰዉ ተኪያ ይላቸዋል። የተኪያው ምስርና ፉል የሚገዛው በባንካክ በሚገባ መዋጮ ነበር። ማሽኑ ሲጠፋ መዋጮው ቆመ፣ ብዙዎቹ ወጥ ቤቶች ድስታቸውን አወረዱ። ስታርሊንክ በድብቅ ገብቶ በሰዓት እስኪቸረቸር ድረስ፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ እያላቸው የተራቡ ሰዎች ነበሩ። ሱዳኒና ዜይን አገልግሎታቸውን ከፖርት ሱዳን ሆነው በከፊል መመለስ የቻሉት ቆይቶ ነው።

«እሱ ግን ኤአይ አይደለም፣ ባንክ ነው» አለች ከፍራንክፈርት። ይህች ልጅ ከአክስቷ ነው የወጣችው።

ትክክል ናት። ወጥ ቤት የሚመግበው ሰርቨርና የድመት ቪዲዮ የሚፈበርከው ሰርቨር ጎን ለጎን አንድ ጣሪያ ሥር ሊቆሙ ይችላሉ፤ የሚጠጡት ከአንድ ቧንቧ ነው፣ የሚሰጡት ግን ለየቅል ነው። «ዳታ ማዕከል ይዘጋ» የሚለው ሰውና «ዳታ ማዕከል ይብዛ» የሚለው ሰው አንድ ስንፍና ይጋራሉ፦ ሁለቱም የትኛው ሰርቨር ለማን ብለው አይጠይቁም።

«ደግሞ» ቀጠለች ልጅቱ፣ «ጥቅሙ ምንድነው? ውሸት ማምረት!»

«እሱስ አለ» አለች አክስቷ። «የበሽርን ድምፅ ሰምተሻል?» እ.ኤ.አ. በ2023 ቲክቶክ ላይ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ አካል የኦማር አል-በሽርን ድምፅ በኤአይ አስመስሎ ንግግር እየለጠፈ ብዙ መቶ ሺሕ ሰው ሰምቶታል፤ ቢቢሲ መርምሮ ሐሰት መሆኑን አጋልጧል። ሠላሳ ዓመት የገዛው ሰውዬ በ2019 ወርዶ ታሥሮ ነበር።

«ሰውየው እስር ቤት ሆኖ» አለች፣ «ድምፁ በዋስ ወጣ።»

የስታርሊንኩ ሰዓት አለቀ፤ ፍራንክፈርት ተቆረጠች። ልጁ በዚህ ጊዜ የመጨረሻዋን ካርታ ጣለ፣ ያውም ጥሩዋን። ኔቸር መጽሔት ላይ በ2024 ማርች የወጣ ጥናት አለ። የጉግል ተመራማሪዎች ኤአዩን በዓለም ዙሪያ በተለኩ ወንዞች አሠልጥነው መለኪያ በሌለባቸው ወንዞች ላይ ሞከሩት፤ ከአምስት ቀን በፊት የሚሰጠው የጎርፍ ትንበያ፣ ነባሩ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው ጋር የሚተካከል ሆነ። «አምስት ቀን!» አለ። «ዕቃ ማውጣት፣ ልጅ ማሸሽ፣ ከብት መንዳት ይቻላል። ይህን በጠብታ ታነጻጽሩታላችሁ?»

እኔ አላነጻጽረውም። የኤአይን ውኃና መብራት የሚያካክስ ነገር አለ ከተባለ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«ማን ይስማው?» አለች እሷ። «ስልክ ያለው ቻርጅ የለውም። ቻርጅ ያለው ኔትወርክ የለውም። ኔትወርክ ያለው ሱዳን ውስጥ የለም።»

ባሽ ሙሀንዲሱ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የቱቲ ደሴት ሰው ነው። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በዚያ ደሴት ሰዎች ክረምት ሲመጣ በወንዙ ዳር ተራ ገብተው ሌሊት ይጠብቃሉ፤ ታያ ይሉታል። ውኃው ዳሩን መብላት ሲጀምር የተረኛው ጩኸት ደሴቱን ይቀሰቅሳል፣ ወንድ ሴት ሳይል አፈር በጆንያ ይሸከማል። «ታያ ባትሪ አይፈልግም» አለ። «ግን አምስት ቀን ቀድሞ አያይም፤ አምስት ሰዓት ካየ ጥሩ ነው። ስለዚህ ማሽንህን አልጠላውም፣ ያ ወለዲ። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ ጎርፍ በኋላ በሳተላይት ደመና እያየን እንተነብይ ነበር። ዴይም የሚባል መለኪያ አለን፣ ድንበራችሁ ላይ፤ ከእናንተ የወጣው ውኃ እዚህ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። እዚያ ከለካን እዚህ እናውቃለን።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«በሩ ቀረ። ማሽንህ የተማረው ዝናብና ወንዝ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወንዝ ይሞላል፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዛሬ ግን ከዝናቡና ከካርቱም መሐል ግድብ አለ፤ የእናንተ ትልቁ፣ የእኛም ሮሰይረስና ሰናር። ውኃው የሚመጣው ደመናው ሲፈልግ አይደለም፣ በሩን የያዘው ሰው ሲፈልግ ነው። ማሽኑ ደመና ያነብባል፤ የኦፕሬተርን ሆድ ያነብባል?»

ይህን ስትተረጉም ምንም አልጨመረችበትም፤ ፊቷ ያስታውቃል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ወር ሳይሞላው ሱዳን ውስጥ ወንዙ ከዳሩ ወጥቶ እርሻና ቤት አጥለቅልቋል። ካይሮ ጣቷን ወደ አዲስ አበባ ቀሰረች፤ አዲስ አበባ «ግድቡ ባይኖር ይብስ ነበር» አለች። ሁለቱም ቁጥር ነበራቸው። ውኃው ውስጥ የቆመው የሱዳን ገበሬ ነው ቁጥር ያልነበረው።

«ታዲያ ቀላል ነው» አለ ልጁ፣ እንደ ወጣት። «በሩ የሚከፈትበትን ቀንና መጠን መረጃውን ለማሽኑ መስጠት ነው። በዚያ ላይ ሳንቲም አያስወጣም።»

«ተስማምተን ነበር እኮ» አለ ባሽ ሙሀንዲሱ። «እዚሁ ካርቱም፣ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2015፣ መረጃ እንለዋወጣለን የሚል መርሕ ያለበት ወረቀት ተፈርሟል። ኃይለማርያም ፈረመ፣ ሲሲ ፈረመ፣ በሽር ፈረመ።»

«ፈራሚዎቹን ጠይቋቸዋ!»

«አንዱ ሥልጣን ለቀቀ። አንዱ ካይሮ ነው፣ የእኛን ስልክ አያነሣም። አንዱ ታሥሯል።»

«የታሠረውን» አለች፣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ «ቲክቶክ ላይ ጻፍለት፤ እሱ ይመልስልሃል።»